በግ በአራት ሺህ ሁለት መቶ፦ የገና ሰሞን በሰሜን ሸዋ

ቅዳሜ ደብረ ብርሃን እገባለሁ፣ ማክሰኞ ገናን ከእህቴ ጋር እውላለሁ፣ ረቡዕ ተመልሼ አልጋዬ ላይ ጋደም እላለሁ። ዕቅዱ ይኸው ነበር። የተመለስኩት በቀጣዩ ሳምንት ሰኞ ነው።

ጊዜው 2012 ዓ.ም. ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ ልጃችንን ልታርስ ሐዋሳ ሄዳለች። እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከቴሌቪዥን ጋር ተፋጥጫለሁ። እህቴ ደወለች።

"ማሙሽ፣ ገናን እዚያ ሲሚንቶ ላይ ብቻህን ልትውል ነው? ና እንጂ። ሥራ የለህ፣ ምን የለህ።"

ያኔ ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ማሙሽ የሚለኝ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ቀርቶኛል፤ እሷም እታለም ናት። ስለዚህ ስትጠራኝ አልከራከርም። "ሥራ የለህ፣ ምን የለህ" ያለችውን ግን ያዙልኝ። በዚያ ሰሞን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ጀምሬ ሃያ ስደርስ ተውኩት።

ላምበረት መናኸሪያ የደረስኩት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። የበዓል መናኸሪያን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው፣ ዶሮ፣ ሽንኩርት በጆንያ፣ እንደገና ሰው። ረዳቱ ከታሪፉ ላይ 30 ብር ጨምሮ ጠየቀኝ።

"ታሪፉ እኮ እዚያ ተለጥፏል" አልኩት በጣቴ እያሳየሁ።

"ጋሼ፣ እንግዲያው የለጠፈው ሰውዬ ይሸኝዎት" አለኝ።

ከፈልኩ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ግን "ያለ ደረሰኝ፣ 30 ብር" ብዬ ጻፍኩ። የሒሳብ ሰው ሲያረጅ እንዲህ ነው የሚያደርገው። የደረሰኝ ወንበር የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሲሆን ከሥሩ የአንዲት ሴትዮ ሁለት አውራ ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ ተጋድመዋል። አንደኛው እስከ ሰንዳፋ ድረስ ካልሲዬን ሲጠቀጥቅ ነበር። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ "ተው አንተ" ትለዋለች። አይሰማትም።

አለልቱን ተኝቼ አለፍኩት። ሸኖ ላይ የቅቤ ሻጮች ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ጫጫ ስንደርስ ምኒልክ የተወለዱባት አንጎለላ በዚህ በኩል ናት ብዬ አጠገቤ ላለው ወጣት ነገርኩት። ከጆሮው ላይ አንዱን ማዳመጫ ነቅሎ "አቤት ጋሼ?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። 130 ኪሎ ሜትሩን በሦስት ሰዓት ተኩል ገባን።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ረስቼው ነበር። የአዲስ አበባ ብርድ ጃኬት ሲያይ ይሸሻል። የደብረ ብርሃኑ ጃኬትህ ውስጥ ገብቶ አብሮህ ይዞራል። ከተማው ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ሰማዩ ደመና ስለሌለው ሌሊቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሁሉ ለቅቆ ያድራል። የእህቴ ባል፣ ጋሽዬ ነው የምለው፣ ዕድሜውን የፈጀው በብርድ ልብስ ፋብሪካው ነው። በጃንሆይ ጊዜ የተቋቋመው ያ ፋብሪካ ለእነሱ ቤት ልጅ እንደማለት ነው። የመጀመሪያው ሌሊት አራት ብርድ ልብስ ጫነብኝ። አራቱም ስለ ጥራታቸው የየራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ሲያለብሰኝ አንድ በአንድ ነገረኝ። ከሥራቸው መገላበጥ አልቻልኩም። አፍንጫዬ ብቻ ውጪ ቀርቶ ሲበርደው አደረ። ጠዋት ጓሮ ስወጣ ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዷል፤ የጀሪካኑ ውኃም ስስ በረዶ ሠርቶ አገኘሁት። በጣቴ ሰበርኩት። ከልጅነቴ ወዲህ ይህን አድርጌ አላውቅም። ደስ አለኝ።

እሑድ ሰንበቴ ነበር፣ ከሰንበቴው አራስ ጥየቃ፣ ከአራሷ ቤት የእድር ስብሰባ። እድሩ ውስጥ ምን እንደምሠራ አላውቅም፤ አባል አይደለሁም። "የሒሳብ ሰው ናቸው፣ ጡረታ ላይ ናቸው፣ መዝገቡን ይዩልን" ተባለና የሦስት ዓመት መዝገብ ጭኔ ላይ ተቀመጠ። እስከ ማታ 2 ሰዓት ደምሬ የ85 ብር ጉድለት አገኘሁ። ደስ ያለው ሰው አልነበረም።

ሰኞ በግ ግዢ ነው። እታለም በጉን የምገዛው እኔ እንደሆንኩ ቅዳሜ ማታውኑ ወስናለች። ጋሽዬ አብሮኝ ሊመጣ ነበር፤ ወገቡ ያዘው። እኔም "ሠላሳ ዓመት ግዢ ስቆጣጠር የኖርኩ ሰው በግ ያቅተኛል?" ብዬ ብቻዬን ወጣሁ።

በግ ተራው አቧራና ጩኸት ነው። አብዛኛው የመንዝ በግ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ጸጉሩ ሻካራ፣ ላቱ ደንዳና። አንድ ጥቁር ባርኖስ የለበሰ ሰውዬ ፊት ቆምኩና በጉን እንደ አዋቂ መመርመር ጀመርኩ። ጀርባው ላይ እጄን ጫን አደረግሁ። የጀርባ አጥንቱ እንደ ካልኩሌተር ቁልፍ ካልቆረቆረ ሥጋ አለው ማለት ነው። አልቆረቆረም። ላቱን ከሥር በመዳፌ አነሳሁት፤ ከበደኝ። ከንፈሩን ገልጬ ጥርሱን አየሁ። ስለ ጥርስ የማውቀው ነገር የለም፤ ቢሆንም ራሴን ነቀነቅሁ።

"ስንት?"

"አምስት ሺህ።"

"ሦስት ሺህ አምስት መቶ።"

ሰውዬው ስድብ የሰማ ይመስል ፊቱን አዞረ። ይሄኔ አንድ ደላላ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ እጄን አፈፍ አድርጎ ከሰውዬው መዳፍ ላይ መታው። "አራት ከአምስት መቶ! ይባርክልዎ ጋሼ!" እጄን ነጠቅሁት። እንደገና ያዘው። እንዲህ ስንፈነጋገል ቆይተን አራት ሺህ ሁለት መቶ ላይ ቆመ። ለደላላው 50 ብር፣ በጉን እስከ ቤት ለሚነዳልኝ ልጅ 40 ብር። ይህም ተጽፏል።

ቤት ስደርስ የጎረቤቷ ሴትዮ የራሷን በግ አጥሩ ላይ እያሰረች ነው። መንታ ናቸው ማለት ይቻላል። ቀለሙ፣ ላቱ፣ የዋህ የሚመስለው ፊቱ ሳይቀር።

"በስንት ገዙት እትዬ?" አልኳት።

"በሦስት ሺህ ስድስት መቶ። ተወደደብኝ" አለች።

ጋሽዬ ወገቡን ይዞ ሳቀ። ወገቡ የታመመ ሰው እንደዚያ አይስቅም።

የዚያን ዓመት ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ነበር። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት ባለው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በዓሉ በአንድ ቀን ይቀድማል። ሰኞ ማታ ጋቢያችንን ደራርበን ሥላሴ ሄድን። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ብርሃን ከሰማይ ሲወርድ ታየ ተብሎ ከተማውን የቆረቆሩበት፣ ደብረ ብርሃንም የተባለበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለ ቅዳሴው ብዙ አልጽፍም፤ ያስቀደሰ ያውቀዋል። እግሬን ግን ልንገራችሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ከቁርጭምጭሚቴ በታች ያለው የእኔ መሆኑን ተጠራጠርኩ። አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ አይተውኝ መቋሚያቸውን አቀበሉኝ። "እርስዎስ?" ስላቸው "እኔ ለምጄዋለሁ" አሉኝ። ከእኔ ቢያንስ አሥራ አምስት ዓመት ይበልጣሉ። ተደግፌው አደርኩ፤ ሲነጋ ልመልስላቸው ስፈልጋቸው የሉም። ከብዙ ጥየቃ በኋላ ቤታቸው ድረስ ወሰድኩላቸው። እዚያም ዶሮ ወጥ አስበሉኝና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አንድ መለኪያ አረቄ አስጨለጡኝ።

እዚህ ላይ ነው የበጉ ሒሳብ መበላሸት የጀመረው። ገና ጠዋት ከአረቄው ቤት ወጣሁ፣ የእድሩ ሰብሳቢ ቤት ገባሁ። የ85 ብሩን ነገር ይቅር ብለውኛል መሰለኝ። ከዚያ አራሷ ቤት። ከዚያ ጋሽዬ ከፋብሪካ ጀምሮ የሚያውቃቸው ሦስት ሰዎች ቤት። በየደረስኩበት "ቅመስ እንጂ፣ የትም አትቸኩል፣ ጡረተኛ አይደለህ እንዴ" ነው። የትም እንደማልቸኩል ሁሉም ያውቃል። የራሴ በግ ጥብስ ሆኖ ሲቀርብ ከሦስት ጉርሻ በላይ አልሄደልኝም። አራት ሺህ ሁለት መቶ ሲካፈል ለሦስት፣ ጉርሻው አንድ ሺህ አራት መቶ ብር።

ከሰዓት በኋላ ሜዳ ወረድን። ልጆቹ በሁለት ተከፍለው ገና ይጫወታሉ። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ ከእንጨት የተጠረበች ሩር፣ አቧራ። ዳኛ አጥተው ሲጨቃጨቁ አንዱ አየኝና "ጋሼ ይዳኙን፣ ሥራ የለዎትም አይደል?" አለ። ይሄንን ማን እንደነገረው አላውቅም። አምስት ደቂቃ ያህል ዳኘሁ። ከዚያ የአንዱን ልጅ ዱላ ተቀብዬ ገባሁ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ሩሯን በደንብ አገኘኋት። እንጨት እንጨትን ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ፣ ከዚያም ሩሯ ከመሬት በአንድ ክንድ ከፍ ብላ ስትሄድ! ወዲያው ደግሞ ተመልሳ መጥታ ቅልጥሜን አገኘችኝ። ቁጭ አልኩ። ልጆቹ ዙሪያዬን ከበው "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" እያሉ አጨበጨቡ። ሳምንቱን ሙሉ አነከስኩ። ዛሬም ይህን ስጽፍ እጄ ያንን ድምፅ ያስታውሰዋል።

ረቡዕ ጠዋት ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። እታለም አየችውና ሳቀች።

ቁርስ ላይ ጠብ ነበር። ጋሽዬ "ሃያ ዘጠኝም እኮ የልደት ቀን ነው፤ አይጾምም" ይላል። እታለም "ገና ትናንት አልፏል፤ ዛሬ ረቡዕ ነው" ትላለች። እኔን አስታራቂ አደረጉኝ። ማስታረቅ ሥራ ለሌለው ሰው የሚሰጥ ሥራ ነውና። እህቴን ፈርቼ ሽሮ በላሁ። ጋሽዬም እህቴን ፈርቶ ሽሮ በላ። በጉ ድስት ውስጥ ቀረ።

ከቁርስ በኋላ ነገሩ ገባኝ። አንኮበር ውስጥ የጋሽዬ ዘመድ አርፈዋል፤ እሱ ወገቡን ያመዋል፣ እሷ ጉልበቷን። "አንተ ለሁለታችንም ድረስልን። ሥራ የለህ..." ሳትጨርስ ተነሣሁ።

40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሚኒባሱ ውስጥ አራት ሰው በሚቀመጥበት ስድስት ሆነን ሄድን። የማላውቀውን ሰው ለቅሶ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ድንኳን ውስጥ ገብቼ "እግዜር ያጥናችሁ" አልኩና ተቀመጥኩ። ንፍሮ መጣ፣ ቡና መጣ። አንዲት አሮጊት ለረጅም ጊዜ ሲያዩኝ ቆይተው "አንተ የማን ወገን ነህ ልጄ?" አሉኝ። የእህቴ ባል የእንትና ልጅ መሆኑን ስነግራቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው የሟቹን ታሪክ ከልጅነት ጀምሮ አወሩልኝ። ስወጣ ሰውዬውን የማውቃቸው ያህል ከፋኝ። አዲስ አበባ ፎቃችን ውስጥ ለቅሶ ሲኖር የማውቀው አሳንሰር በሌለው ደረጃ ላይ ወንበር ሲወጣ ሳይ ነው።

መኪና እስኪሞላ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ወጣሁ። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት ሸዋን ያስተዳደሩት ከዚህ ነው። ከአሮጌው የቀረው የድንጋይ ግድግዳ ነው። ግድግዳውን ሁለት ደቂቃ አየሁትና ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩ። ከፊት ለፊቴ መሬቱ ዝም ብሎ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጭጋግ የለበሰው የአፋር ቆላ ነው። ጠላትን ከሩቅ ማየት ለሚፈልግ ንጉሥ ጥሩ ቦታ ነው። ለጉልበት ግን አይደለም።

ሐሙስ ደግሞ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ። የቢሮ ጓደኛዬ ከእኔ አንድ ዓመት ቀድሞ ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገብቷል። በወሩ የመጀመሪያ ቀን የልደታ ጽዋ ማኅበር አለው፤ ጥር 1 ተራው የእሱ ነው። ደብረ ብርሃን መሆኔን ከማን እንደሰማ እንጃ። "ካልመጣህ አስቀይመኸኛል። ደግሞ ምን ሥራ አለህ?" አለኝ በስልክ። እሱ ራሱ ጡረተኛ ሆኖ ይህን ማለቱ ነው ያናደደኝ። እታለም የበጉን ጥብስ ጠቅልላ በፌስታል ሰጠችኝ። "መንገድ ላይ ትበላዋለህ፤ ካንተ ገንዘብ የወጣ ነው" አለችኝ። እግዜር ይስጣት።

ጠዋት የተባለው ቅጥቅጥ የተነሣው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን ወደሠራው ዋሻ ሳይገባ ወደ ግራ ታጠፈ። ዋሻውን ላላየ ሰው 587 ሜትር ነው፤ በዚህ በኩል በጭጋግ ገብተህ በዚያ በኩል በፀሐይ የምትወጣበት ቀን አለ። እኛ ግን ወደ መንዝ ጠጠር መንገድ ገባን። ከዚያ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ሹፌሩ ጉድጓዱን አይመርጥም፤ ሁሉንም በእኩል ዐይን ነው የሚያየው። ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ከሥራችን ጧ አለ።

"ባሌስትራው ነው" አለ ረዳቱ ከሥር ገብቶ። ተሰብሯል። ሌላ መኪና እስከ ነገ የለም። አካባቢውን የሚያውቁት ተሳፋሪዎች በየአቅጣጫው ተበተኑ። እኔ ጓሳ ከሚባለው የመንዝ የሣር ምድር ጫፍ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ፀሐይ እየጠለቀች፣ ፌስታል ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

አህያ የሚነዳ ባርኖስ የለበሰ ገበሬ አልፎኝ ሄደ። ጥቂት እንደሄደ ቆመ። ተመለሰ።

"ከዚህ ጅብ ሊበላዎት ነው ወይ ጋሼ? ይሂዱ እንጂ!" አለኝ በቁጣ። ስሜን አልጠየቀኝም። ሻንጣዬን አህያው ላይ አደረገው።

ቤቱ ክብ የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ ክዳኑ የጓሳ ሣር። ውስጡ ጭሱ ዐይን ያቃጥላል። ሚስቱ እንግዳ ማየቷ ምንም ሳይገርማት እሳቱ ላይ ኩበት ጨመረች፤ ከዚያ ሙቅ ውኃ በገበቴ ይዛ መጥታ እግሬ ሥር ተንበረከከች። ካልሲዬን ልታወልቅ ስትል ደነገጥሁ። ያ የዶሮ የተጠቀጠቀ ካልሲ ነው፣ ቀዳዳ አለው። "አይሆንም፣ እኔ ራሴ" ብል "ዝም ይበሉ" አለችኝ። ዝም አልኩ። ሩር የመታኝን ቅልጥሜን ስታይ ብቻ "ውይ" አለችና ቀስ ብላ አለፈችው።

የገብስ እንጀራ በሽሮ ቀረበ። ያኔ ፌስታሌን አስታወስኩ። ጥብሱ እሳት ላይ ሞቀ፤ ሦስት ልጆች ዐይናቸውን ሳይነቅሉ ጠበቁ። የበጉ ዋናው ሥጋ የተበላው እዚያ ነው። እኔ አንድ ቅልጥም ቀመስኩ፤ ትንሹ ልጅ ቅልጥሙን ከእጄ ተቀብሎ መቅኑን በስንጥር አወጣ።

ሰውዬው ስለ ጓሳ አወራኝ። ከጥንት ከአቅኚ አባቶች ጀምሮ ሣሩ የሚጠበቅ ነው። ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ ይከፈታል፣ እስኪከፈት ማንም ማጭድ አያስገባም። ቄሮ ይሉታል ሥርዓቱን። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ተናግቶ ነበር፤ በኋላ ሕዝቡ ራሱ መልሶ ያዘው። "አያቴ ሣር ሰርቆ ተይዞ ያውቃል" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ትናንት የሆነ ይመስል።

መደብ ላይ ተኛሁ። ከላይ ባና ተደረበልኝ። ከመንዝ በግ ጸጉር የተሠራ ባና ከጋሽዬ አራት ብርድ ልብስ ይበልጣል፤ ይህን ለእሱ አልነገርኩትም። ሞቀኝ። ሲሞቀኝ ደግሞ ቁንጫውም ሞቀው። ስንት እንደነበሩ አላውቅም፣ ግን ማኅበር ነበራቸው። አንዱ ከአንገቴ ሲጀምር ሌላው ከወገቤ ይቀበለዋል። ሌሊቱን ሙሉ ስፋቅ አደርኩ። ከግድግዳው ማዶ በጎቹ ያመሰኳሉ፣ ትንሹ ልጅ በእንቅልፉ ያወራል፣ ከሩቅ ጅብ ይጮሃል። ሲነጋ ተስተካክዬ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ወዲያው ለበሶ ቀሰቀሱኝ።

ስወጣ ከቤቱ ማዶ ዳገቱ ላይ ጭላዶች ተቀምጠዋል። መቶ ይሆናሉ፣ ከዚያም ይበልጣሉ። ፀሐይ እየሞቁ ሣር እየነጩ ይበላሉ። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው አንድ ትልቅ ወንድ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ አየኝ፤ የድሮ አለቃዬን መሰለኝ። ቀይ ቀበሮ አለ ብለውኛል፣ አላየሁም።

ስሰናበት 200 ብር ትራሱ ሥር ደብቄ ወጣሁ። መንገድ ዳር አይሱዙ ስጠብቅ የቤቱ ትልቅ ልጅ እየሮጠ ደረሰ። ብሩን እጄ ላይ አስቀመጠው። "አባዬ፣ 'ሆቴል አደረጉን እንዴ?' ብሏል" አለኝና እናቱ የላከችውን ቆሎ ኪሴ ውስጥ ከቶ ተመለሰ። ደብተሬን አውጥቼ ምን ብዬ እንደምጽፍ ቸግሮኝ መልሼ ከተትኩት።

መሐል ሜዳ ጥሩ ነበር። ጽዋው ተጠጣ፣ ጠላው ግሩም ነበር፣ ዓርብ ስለሆነ ሥጋ አልነበረም። ጓደኛዬ ቢሮ እያለን ሠላሳ ዓመት መስኮት ይከፈት ብሎ ሲጨቃጨቀኝ የኖረ ሰው ነው። አሁን ቤቱ አንድም የሚከፈት መስኮት የለውም።

ቅዳሜ ወደ ደብረ ሲና ወረድኩ። እሑድ ጥር 3 የጋሽዬ የእህት ልጅ ሠርግ ነው፤ እታለም በስልክ አዛኛለች። ደብረ ሲና የመኪና መስኮት ከመከፈቱ በፊት ቆሎ ይገባል። ያደርኩበት ፔንሲዮን ለአንድ ክፍል 400 ብር ተቀበለኝ። ውኃ የለም። አምፖሉ ይጠፋል ይበራል። ከታች ያለው ቤት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ያዘፍናል። ጠዋት ለእንግዳ ተቀባዩ ልጅ ውኃ አልነበረም ስለው "ባልዲ ቢጠይቁ እናመጣልዎ ነበር፣ 20 ብር ነው" አለኝ። ቁንጫ አልነበረም፤ ይህንን ለፍትሕ ስል እጽፋለሁ።

ሠርጉ ላይ የሽማግሌዎች ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ልል ስል አንድ ደብተርና እስክሪብቶ እጄ ላይ ወደቀ። የስጦታ መዝጋቢ ሆንኩ። ከቀኑ 6 እስከ 11 ሰዓት ፖስታ እየከፈትኩ ስም እየጻፍኩ ዋልኩ። ሙሽሮቹን ያየኋቸው ከኋላ ነው። ብሩ ግን በሳንቲም አልጎደለም።

ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ እታለም ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ቆማ ትጠብቀኛለች። በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። የበጉ ቆዳ ነው። ቆዳ ሰብሳቢው 15 ብር ቢሰጣት ተናዳ አባረረችው። ድሮ የበግ ቆዳ ተሽጦ የበዓሉ ቅመም ይገዛበት ነበር። በጨው አሽታ አቆይታልኛለች። "አጎዛ አድርገው። ለፍተህ የገዛኸው ነው" አለችኝና ግንባሬን ሳመችኝ። ረዳቱ አሸተተና ለዕቃ ብሎ 50 ብር ተቀበለኝ። ደረሰኝ አልጠየቅሁም።

ቆዳውን በረንዳዬ ላይ ዘርግቼ ወጠርኩት። በሁለተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ከጎን ያሉት ጎረቤቴ ናቸው፤ አራት ዓመት ሙሉ ደረጃ ላይ "ደህና ዋሉ" ከመባባል ያለፈ ነገር የለንም። "ይቅርታ ጋሼ፣ የሆነ ሽታ..." ብለው ጀመሩ። በረንዳውን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ጸጉሩን ዳበሱት። የመንዝ በግ መሆኑን ስነግራቸው እሳቸውም የተጉለት ልጅ ሆነው ተገኙ። ቡና አፈላሁ፤ ባለቤቴ ስለሌለች ቀጠነ፣ ጠጡት።

"ደህና በግ ነበር መሰለኝ" አሉኝ ጸጉሩን እያዩ። "በስንት ገዙት?"

"በሦስት ሺህ ስድስት መቶ" አልኳቸው።